ሐሙስ ይደርሳል ያልኩት በርጩማ፦ የ12 ሳምንት የሥራ ማስታወሻ

መነሻ

ጅማ ውስጥ ከአዌቱ ወንዝ ብዙም የማይርቅ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። በርጩማ፣ ረከቦትና መደርደሪያ እሠራለሁ። አንድ ረዳት አለኝ። ሥራ አጥቼ አላውቅም። የቸገረኝ በቀኑ ማስረከብ ነው።

ከሐምሌ እስከ መስከረም የተቀበልኩትን ቀብድ ከደረሰኝ ላይ ቆጠርኩ። 14 ትዕዛዝ ነው። በተባለው ቀን የወጣው 3 ብቻ። አንዲት እናት "ሐሙስ ይደርሳል" ብያቸው ሦስት ሐሙስ ተመላለሱ። በሦስተኛው አልተቆጡም። በሩ ላይ ቆመው "ልጄ፣ አልችልም ብትለኝ እኮ ሌላ ጋ እሄድ ነበር" አሉኝ። ሌሊቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ለእንቁጣጣሽ ዕቅድ አውጥቼ ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳት፣ ሩጫ፣ በቀን 2 በርጩማ፣ ማንበብ፣ ስልክ መቀነስ፣ መቆጠብ፣ ሌላም ሌላም። በጠቅላላ ዘጠኝ ነገር። መስቀል ሲደርስ አንዱም በቦታው አልነበረም።

አሁን የምሞክረው አንድ ነገር ነው፦ በቀኑ ማስረከብ። ከጥቅምት 4 እስከ ታኅሣሥ 27፣ 2017። ወቅቱን የመረጥኩት የቡና ለቀማ ስለሆነ ነው። ቡና ሲሸጥ ሰው እጅ ላይ ገንዘብ ይገባል፤ ለጥር ሠርግም ትዕዛዝ ይበዛል። ከዚህ የባሰ መፈተኛ ጊዜ የለም።

ሳምንት 1 (ጥቅምት 4)

በዚህ ሳምንት ምንም አልቀይርም። መለካት ብቻ።

ዕቃ፦ ባለ 50 ሉክ ደብተር 70 ብር፣ እስክሪብቶ 20 ብር። ሥራ ስጀምር ሰዓቱን እጽፋለሁ፤ ሳቆምም እጽፋለሁ፣ ለምን እንዳቆምኩ ጭምር።

የመጀመሪያው ስህተት ሰኞ ማታውኑ ታየ። ቀን ላይ መጻፍ ረስቼ ማታ እያስታወስኩ ሞላሁት። 7 ሰዓት እንደሠራሁ ጻፍኩ። ረዳቴን ስጠይቀው "ጋሼ፣ ከሰዓት እኮ ቪቴ ፍለጋ መርካቶ ሄደህ ነበር" አለኝ። እውነቱን ነው። ጭራሽ ረስቼዋለሁ። ማክሰኞ እስክሪብቶውን በሲባጎ አስሬ ከሥራ ጠረጴዛው ጫፍ ምስማር ላይ ሰቀልኩት፤ ደብተሩንም ከሥሩ። ከዚያ በኋላ ብዙም አላመለጠኝም።

የሰኞውን በረዳቴ ምስክርነት አስተካክዬ የስድስት ቀኑን ደመርኩ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት በቀን 10፣ በጠቅላላ 60 ሰዓት ሥራ ቤት ነበርኩ። እጄ እንጨት ላይ የነበረው 25 ሰዓት ነው። በቀን 4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ማለት ነው። የቀረው 35 ሰዓት እንዲህ ሄደ፦ ምሳና ቡና 14፣ ስልክና ሰው 7፣ መብራት ጠፍቶ ቁጭ ያልኩበት 6፣ ዕቃ ፍለጋ 5፣ ግዢ 3።

ዕቃ ፍለጋው አሳመመኝ። ረቡዕ ዕለት ጠባቧን መሮ 25 ደቂቃ ፈለግኋት። ረዳቴም ሥራውን ጥሎ አብሮኝ ፈለገ። በመጨረሻ ያገኘናት ከእግሬ ሥር፣ ሰጋቱራ ተከምሮባት ነው። ቀን ሙሉ ረግጫት ቆሜያለሁ።

ሳምንት 2 (ጥቅምት 11)

ሁለት በርጩማ በሰዓት ለካሁ። አንዱ 9 ሰዓት ከ20፣ ሌላው 10 ሰዓት ፈጀ። አማካዩ 9 ሰዓት ከ40 ነው። የኛ አገር በርጩማ ከአንድ ግንድ ይፈለፈላል። መቀመጫውም ሦስቱ እግሮቹም ከአንዱ እንጨት ነው የሚወጡት። አንዱን እግር ከሳትክ እንጨቱ በሙሉ ሄደ። ታዲያ ለሰው ምን ስል ነበር? "በአንድ ቀን ይወጣል።" በቀን 4 ሰዓት ከ10 ለሚሠራ ሰው አንድ በርጩማ ከሁለት ቀን በላይ ነው። ቫርኒሹ የሚደርቅበት ደግሞ ሌላ። ለካ ሰው የምዋሸው አውቄ አልነበረም። ሒሳቡን ሠርቼው አላውቅም።

ይህ የኔ ብቻ ችግር እንዳልሆነ አንብቤያለሁ። ካንማንና ትቨርስኪ የሚባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት በ1979 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት የጥናት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) ስም አውጥተውለታል፤ በኛ ቋንቋ የዕቅድ ስህተት ልንለው እንችላለን። በ1994 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፉ ተማሪዎችን መቼ ትጨርሳላችሁ ብሎ ጠየቀ። ግምታቸው በአማካይ 34 ቀን ነበር። ሁሉ ነገር ቢበላሽስ ሲባሉ 49 ቀን ገደማ አሉ። የፈጀባቸው 55 ነው። ክፉውን አስበው እንኳ አልደረሱበትም። ሰው የሚገምተው ሁሉም የተሳካበትን ቀን እያሰበ ነው። ፍቱን የሆነው ካለፈው ሥራ ተነስቶ መቁጠር ነው።

ግን ይህን ሁሉ እያወቅኩ በዚያው ሳምንት ራሴ ተሳሳትኩ። በቀን 6 ሰዓት እሠራለሁ ብዬ ግብ አወጣሁ። ሰኞ 5 ሰዓት ከ30። ማክሰኞ 4 ሰዓት ከ10። ረቡዕ 3 ሰዓት ከ40። ሐሙስ ደብተሩን ሳየው ልቤ ዝቅ አለ፤ ጽሑፉንም ተውኩት። ከ4 ወደ 6 መዝለል አንድ ሦስተኛ አይደለም፤ ግማሽ ያህል መጨመር ነው። ማን ያንን በአንድ ሳምንት ያደርጋል? ዓርብ ግቡን ወደ 4 ሰዓት ከ30 አወረድኩ። 20 ደቂቃ ብቻ ጭማሪ። እሱን ቅዳሜ መታሁት።

20 ደቂቃውን ያገኘሁት ደግሞ በብርታት አይደለም። ዓርብ ከሰዓት የዕቃ መስቀያ ሠራሁ። ትራፊ ኮምፔንሳቶ ነበረኝ። ምስማር 120 ብር ገዛሁ። እያንዳንዱን ዕቃ ሰሌዳው ላይ አስተኝቼ ዙሪያውን በእርሳስ አዞርኩ፣ ከዚያ ቀለም ቀባሁት። መሮ ከቦታው ከሌለ ባዶ ጥላው ይታያል። 3 ሰዓት ፈጀብኝ።

ስህተት፦ መስቀያውን በር አጠገብ ሰቀልኩት፤ ለሚገባ ሰው እንዲያምር ብዬ። ከጠረጴዛው ስድስት እርምጃ ነው። ቅዳሜ ማታ ሳየው ሁሉም ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ መስቀያው ባዶ። ሰኞ ነቅዬ ከሞርሳው፣ እንጨት ጨብጦ ከሚይዘው ማሰሪያ፣ በስተግራ፣ እጄ ሳይዘረጋ በሚደርስበት ሰቀልኩት። አሁን ይሠራል።

ሳምንት 3 (ጥቅምት 18)

ጠዋት የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ይባክናል። ገብቼ "ከየቱ ልጀምር" እያልኩ እዞራለሁ። ስለዚህ ማታ ከመሄዴ በፊት የነገውን የመጀመሪያ ሥራ ማዘጋጀት ፈለግኩ። ዕቃ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ነገ የምነካው እንጨት ምልክት ተደርጎበት ሞርሳ ላይ ይታሰራል። 10 ደቂቃ የማይሞላ ነገር ነው።

ሰኞና ማክሰኞ የስልክ ደወል ሞላሁ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ። ሰኞ ሲደውል እጄ ኮላ በኮላ ነበር፤ በክርኔ አጠፋሁት። ማክሰኞ ደንበኛ ይዤ ነበር። ደወል የኔን ሁኔታ አያውቅም።

ጎልቪትዘር የሚባል ተመራማሪ በ1999 የጻፈው ነገር ረዳኝ። "ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ" ብሎ ድርጊትን ከአንድ ቁርጥ ካለ አጋጣሚ ጋር ማሰር፣ ዝም ብሎ "አደርጋለሁ" ከማለት ይሻላል ይላል። እኔ በየቀኑ ሳልዘል የማደርገው የመጨረሻ ነገር ምንድነው? ሽርጤን ማውለቅ። ሰጋቱራ ለብሼ ቤት አልገባም። ስለዚህ ረቡዕ ጥቅምት 20 ሽርጤ ላይ፣ ቋጠሮው አጠገብ፣ ቀይ ክር ሰፋሁ። እጄ ለመፍታት ወደኋላ ሲሄድ ክሩ ይነካኛል። ሲነካኝ እንጨቱን አስራለሁ፤ ከዚያ እፈታለሁ።

የመጀመሪያ ቀን ከቤቱ ወጥቼ አዌቱ ድልድይ ስደርስ ነው ትዝ ያለኝ። ተመለስኩ። እንጨቱን አሰርኩ። ረዳቴ ምን ሆነ ብሎ ያየኛል። ከዚያ ወዲያ እስከ እሑድ አልረሳሁም።

ሳምንት 4 (ጥቅምት 25)

የቡና ሳምንት። ትልቁ ጥፋቴ እዚህ ነው።

ደብተሩ ላይ ምሳና ቡና 14 ሰዓት ይላል። ምሳው ትንሽ ነው። ቡናው ነው። ጎረቤቴ በየቀኑ ከሰዓት ያፈላሉ። "ኮቱ፣ ቡና ደርሷል!" ይላሉ ከበራቸው፤ ኮቱ በኦሮምኛ ና ማለት ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። አንድ ሰዓት ተኩል ይሄዳል። ሰኞ "እትዬ፣ ዛሬ ሥራ አለብኝ" አልኩ። ማክሰኞም። ረቡዕ አልጠሩኝም። ሐሙስ ጠዋት በሬ ላይ መጥተው "ምነው፣ ምን በደልንህ?" አሉኝ። ፊታቸው ክፉኛ ተከፍቶ ነበር። ባለፈው ዓመት እናቴ ስትሞት ለሦስት ቀን ለቀስተኛውን ቡና ያጠጡት እሳቸው ናቸው። ደንግጬ ቆምኩ። በሰዓት ቆጠራ ሰው ላስቀይም ምንም አልቀረኝም ነበር።

ዓርብ ተመልሼ ሄድኩ። ቡናውን ሳይሆን ከቡናው በፊት ያለውን ቀየርኩ። ነጭ ኮላ ከተቀባ በኋላ እንጨቱ ተጨብጦ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት መቆየት አለበት። ስለዚህ የሚጣበቅ ሥራን ሁሉ፣ የረከቦት መሳቢያ ይሁን የመደርደሪያ ጥግ፣ "ኮቱ" ከመባሉ በፊት አጣብቄ እሄዳለሁ። ቫርኒሽም እንዲሁ። እኔ ቡና ስጠጣ ኮላው ይሠራል። ስመለስ ጨርሷል። በረካ ሳልጠጣ መነሳት ቀረ።

እዚህ ከተማ ውስጥ ቡናን እንደ ባከነ ጊዜ የሚቆጥር ዕቅድ የሚቆም አይመስለኝም። ቡና ከዚህ አገር መሬት የበቀለ ነው፤ ሰውም በሱ ነው የሚገናኘው። ከየሦስቱ ትዕዛዜ አንዱ የሚመጣው እዚያው ረከቦት ዙሪያ በተወራ ወሬ ነው።

ሳምንት 5 (ኅዳር 2)

መብራት በሳምንቱ ሦስት ጊዜ ጠፋ። በፊት መብራት ሲጠፋ ወንበር ስቤ እቀመጥ ነበር። አሁን ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሁለት ዓምድ ጻፍኩ፦ መብራት የሚፈልግ፣ መብራት የማይፈልግ። ትራፓኖና ግራይንደር ወዲያ። መሮ፣ መላጊያ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ቫርኒሽ ወዲህ። መብራት ሲኖር የእጅ ሥራ አልነካም። ሲጠፋ ሳላስብ ወደ ሁለተኛው ዓምድ እሄዳለሁ። ጠመኔ 60 ብር። ከእስካሁኑ ሁሉ ርካሹና ጠቃሚው ይህ ነው።

ሌላ ለውጥ። የሰዓት ግቡን ጣልኩት። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ረቡዕ ማታ 4 ሰዓት ከ30 ለመሙላት 40 ደቂቃ ሲቀረኝ፣ ያለቀለትን መቀመጫ እንደገና በብርጭቆ ወረቀት ስፈትግ ራሴን ያዝኩ። ደብተር ለመሙላት እየሠራሁ ነበር። በርጩማው ምንም አልጨመረም።

አሁን የምቆጥረው ደረጃ ነው። በርጩማ አምስት ደረጃ አለው፦ ግንዱን መቁረጥና መጥረብ፣ እግር ማውጣት፣ መቀመጫ መቦርቦር፣ ማለስለስ፣ ቫርኒሽ። 9 ሰዓት ከ40 ለአምስት ሲካፈል አንዱ ወደ ሁለት ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ የኔ የቀን ግብ 2 ደረጃ ነው። የረዳቴ 1፤ ገና እየተማረ ነው። በቀን 3 ደረጃ። ያለቀ ደረጃ በዓይን ይታያል፤ በእጅ ይዳሰሳል።

በዚህ ሳምንት አንድ ረከቦት ሁለት ቀን ዘገየ። መሳቢያው ጠቦብኝ ነው።

ሳምንት 6 (ኅዳር 9)

"ለ21 ቀን ካደረግከው ልማድ ይሆናል" ሲባል እሰማ ነበር። የሽርጡ ሥራ 21ኛ ቀን ማክሰኞ ኅዳር 10 ዋለ። በልቤ "አለቀ፣ ከእንግዲህ በራሱ ይሄዳል" አልኩ። ረቡዕ ከገጠር እንግዳ መጣ፤ በጊዜ ወጣሁ። ሐሙስ ኅዳር ሚካኤል ነው። ዓርብ አርፍጄ ገባሁ፤ ማታም ሳላስር ወጣሁ። ሦስት ቀን። ቅዳሜ ጠዋት ሞርሳው ባዶውን ሲቆየኝ እንደ እንቁጣጣሹ ዕቅድ ይህም አለቀ ብዬ ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ቀትር ላይ መልሼ አወጣሁት። የ21 ቀኑ ነገር ከየት እንደመጣ ፈልጌ ነው። ማልትዝ የሚባል የፊት ቀዶ ሐኪም በ1960 የጻፈው ነው። ታካሚዎቹ አዲሱን ፊታቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ይፈጅባቸዋል አለ። ቢያንስ ነው ያለው። ስለ ሥራ ልማድም አልነበረም። ለንደን ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተሠራ ጥናት ግን ልማድን ራሱን ለካ። በ96 ሰዎች ላይ ነው፣ ለ12 ሳምንት። አንድ ድርጊት ሳያስቡት የሚደረግ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጀ። ከሰው ሰውና ከድርጊት ድርጊት ይለያያል፤ ከ18 እስከ 254 ቀን። ውሃ መጠጣት ቶሎ ይለመዳል፤ ስፖርት ይዘገያል። ለኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ አንድ ቀን መዝለል የተገነባውን አላፈረሰውም።

እኔ ሦስት ዘለልኩ። ቢሆንም ቅዳሜ ማታ አሰርኩ። ሰሌዳው ላይ የተከታታይ ቀን ቆጠራዬን ደመሰስኩ። ሲቋረጥ ሁሉም የጠፋ ያስመስላል። በምትኩ በሳምንት ከስድስት ቀን ስንቱን እንዳደረግኩ እጽፋለሁ። የዚህ ሳምንት፦ 3 ከ6።

ሳምንት 7 (ኅዳር 16)

አሁን ቁጥር አለኝ። ለደንበኛ ቀን የምሰጠው በቁጥር ነው። የቀሩ ደረጃዎች ለ3 ይካፈላሉ፤ ለቫርኒሽ ማድረቂያና ለሚበላሽ ነገር 3 ቀን ይጨመራል።

ማክሰኞ አንድ ሰው አራት በርጩማ ሊያዝ መጣ። ደብተሬን ገልጬ ቀኑን ነገርኩት። "ይህን ያህል? እዚያ ማዶ በአራት ቀን ይሰጡኛል" ብሎ ሄደ። ሐሙስ ሌላ ሰው፣ ሁለት በርጩማ። እሱም ሄደ። በ1,600 ብር ሒሳብ 9,600 ብር። ማታ ለባለቤቴ ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ "የልጆቹ ክፍያ እኮ የዚህ ወር ነው" አለች። ትክክል ናት። እውነት መናገር ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የምትከፍለው እሷም ናት። ያንን ሳላማክራት መወሰን አልነበረብኝም። አብረን ቁጭ ብለን ከቀብዱ ግማሹ ለቤት በቀጥታ እንዲሄድ ተስማማን።

ሳምንት 8 (ኅዳር 23)

ሰኞ ትልቅ ትዕዛዝ መጣ። ለጥር ሠርግ 12 በርጩማ። ሴትየዋ እንደ ሌሎቹ ትሄዳለች ብዬ ፈርቼ ነበር። 12 ሲባዛ በ5፣ 60 ደረጃ። ለ3 ሲካፈል 20 የሥራ ቀን፣ ታኅሣሥ 15 ያልቃል። 3 ቀን ተጨምሮ ዓርብ 18፤ ማስረከቢያው በማግስቱ ቅዳሜ ታኅሣሥ 19። ይህን ሁሉ ደብተሩ ላይ እያየች ሠራሁት። "ቁርጡን የነገረኝ አንተ ብቻ ነህ" አለችና ቀብድ ከፈለች።

ስልክ፦ ከሥራ ጠረጴዛ አርቄ መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት። 6 ሰዓትና 11 ሰዓት ላይ ብቻ አያለሁ አልኩ። ማክሰኞ ጠዋት ከአንድ ዓመት በላይ ጥላ ሥር የከረመና የመቁረጫ ፈቃድ ያለው ዋንዛ የያዘው ነጋዴ ደወለልኝ። አላነሳሁም። በ6 ሰዓት ስደውል ለሌላ ሸጦታል። ከሌላ ሻጭ ገዛሁ፤ "ደርቋል" አለኝ፤ እኔም በጥፍሬ ጫር አድርጌ አመንኩ። ከረቡዕ ጀምሮ ስልኩን ረዳቴ ይይዛል፤ እንጨት ነጋዴና ቤተሰብ ከሆነ ይሰጠኛል።

ሳምንት 9 (ኅዳር 30)

ነገሩ ሲሄድልኝ ጨመርኩበት። ጠዋት ሩጫ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደው ዳገት። ሦስት ቀን ሮጥኩ። ዳገቱ ደስ ይላል፤ ከላይ ከተማው በጉም ተሸፍኖ ሲታይ ሌላ ነው። ግን ረቡዕ መጥረቢያ ሳነሳ ክንዴ ዛለ፤ የአንዱ በርጩማ እግር ላይ ሳትኩ። ሩጫውን ለጊዜው ተውኩት። የበርጩማው ትዕዛዝ እስኪያልቅ አዲስ ነገር አልጨምርም።

የጠቀመኝ ሌላ ነው። በሰፈራችን ዕቁብ አለ። በዕቁብ ማንም አይቀርም፤ ሌላው ሰው ተራውን እየጠበቀ ነው። ታዲያ የሥራውንስ ለምን እንዲህ አናደርግም ብዬ ብየዳ ቤቱንና ልብስ ሰፊዋን አማከርኩ። ቅዳሜ ማታ ተሰብስበን በሳምንቱ ምን ቃል እንደገባን፣ ምን እንዳስረከብን እንነጋገር አልን። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ወሰደ፤ ስለ ብረት ዋጋ ስናወራ መሸ። ልብስ ሰፊዋ መላ አመጣች፦ "እያንዳንዳችን ሁለት ቁጥር ብቻ። ቃል የገባነው፣ የሰጠነው። ወሬው ከዚያ በኋላ።"

ሳምንት 10 (ታኅሣሥ 7)

ማክሰኞ ታኅሣሥ 8 አንድ ነገር አስተዋልኩ። መንገድ ላይ ሆኜ "ዛሬ እንጨቱን አስሬዋለሁ?" ብዬ ተጠራጠርኩ። ተመልሼ አየሁ። ታስሯል። መቼ እንዳሰርኩት አላስታውስም። ከጀመርኩ 49ኛ ቀኔ ነው። ሰዓት መጻፉ ግን እስከ ዛሬ በትግል ነው፤ እስክሪብቶው ባይሰቀል ኖሮ ይቀር ነበር።

ሐሙስ መጥፎ ቀን። ጠዋት ስገባ ሁለት በርጩማ ተሰንጥቋል። አንደኛው መቀመጫው ላይ ከጠርዝ ወደ መሃል፣ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ። ሌላው እግሩ ሥር። ዋንዛው አልደረቀም ነበር። የበጋው ንፋስ ላዩን ቶሎ ሲያደርቀው ውስጡ ገና እርጥብ ነው፤ ላዩ ሲኮማተር ተተረተረ። ከስልኩ ስህተት የመጣ ነው። የእንጨት ዋጋ ብቻ 2,400 ብር ሄደ። 10 ደረጃ እንደ አዲስ፣ ማለትም ከ3 ቀን በላይ።

የተረፈውን ግንድ ሁሉ ጫፍ ጫፉን ኮላ ቀባሁ። እርጥበት በጫፍ በኩል ነው ፈጥኖ የሚወጣው፤ ሲታፈን ቀስ ይላል።

ከዚያ ስልክ አነሳሁ። በፊት ቢሆን እስከ መጨረሻው ቀን እደበቅ ነበር። ቅዳሜ ታኅሣሥ 12 ለሴትየዋ ደወልኩ። "እህቴ፣ ሁለቱ ተሰንጥቀውብኛል። 11ዱ በቀኑ ይደርሳሉ፤ አንዱ ሁለት ቀን ሊቆይ ይችላል።" ጥቂት ዝም አለችና "ሠርጉ ጥር ነው፣ ችግር የለም። ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ" አለች። ማታ ዕቁባችን ላይ ይህን ስናገር ብየዳ ሠራተኛው እሱም ሰኞ አንድ በር እንደሚዘገይበት በሩን ላዘዘው ሰው ሊደውል ስልኩን አወጣ።

ሳምንት 11 (ታኅሣሥ 14)

ምንም አዲስ ነገር የለም። ሥራ ብቻ። ታኅሣሥ 19 ቅዳሜ 11 በርጩማ በጋሪ ሄደ። 12ኛው ሦስተኛ ቫርኒሹ አልደረቀም፤ ጣት ይይዛል። ሰኞ ታኅሣሥ 21 ራሴ ተሸክሜ አደረስኩ።

ሳምንት 12 (ታኅሣሥ 21)

ቁጥሮች። በስድስት ቀን 29 ሰዓት ሥራ፤ በቀን 4 ሰዓት ከ50። ከመጀመሪያው ሳምንት በ40 ደቂቃ ይበልጣል። በ12 ሳምንት 40 ደቂቃ ነው፤ ያሰብኩት 2 ሰዓት ነበር። ዕቃ ፍለጋ በቀን ከ50 ወደ 12 ደቂቃ ወርዷል። እንጨት ማሰር 6 ከ6። ከሳምንት 5 ወዲህ 8 ትዕዛዝ ወጣ፤ 6ቱ በቀናቸው።

ወጪ፦ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ምስማርና ጠመኔ 270 ብር። የተሰነጠቀ እንጨት 2,400። የሄዱ ደንበኞች 9,600። ከሄዱት አንዱ ዓርብ ተመልሶ መጣ። ማዶ አራት ቀን የተባለው እስከ ዛሬ አልደረሰለትም። ለጥር መጨረሻ ቀን ሰጠሁት፤ ተቀበለ።

ቀጣዩ ሙከራ እንጨቱ ላይ ነው። "ደርቋል" የሚል ቃል አልቀበልም፤ በጥፍር መጫርም አልበቃም። ጎረቤቴ ካለው ቡና ነጋዴ ሚዛን ተዋስኩ። ግንዱ ለበርጩማ ተቆርጦ ይመዘናል፣ ክብደቱ ጫፉ ላይ በጠመኔ ይጻፋል። በየሳምንቱ እንደገና ይመዘናል። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ብቻ መሮ ይነካዋል። ሰኞ የመጀመሪያው ቁራጭ 9.4 ኪሎ ነበር። ዛሬ ቅዳሜ 9.1። ገና ነው።